ትልቅ ኢሜይል የት ላይ ይከልከል?

አንድ የኢሜይል አገልግሎት ገደቡ 25 ሜጋባይት ነው ይላል። ላኪው 20 ሜጋባይት የሆነ ፋይል አያይዞ ይልካል። ወዲያው «ከተፈቀደው መጠን በልጧል» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ላኪው ሰርቨሩ ተበላሽቷል ይላል፤ የድጋፍ ሠራተኛው ደግሞ ላኪው የፋይሉን መጠን በደንብ አላየም ይላል። ሰርቨሩም አልተበላሸም፣ ላኪውም አልተሳሳተም። ፋይሉ መንገድ ሲጀምር ከ27 ሜጋባይት በላይ ሆኖ ነው።

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲበዛ ክርክሩ ሁልጊዜ ወደ ቁጥር ይሄዳል፤ ገደቡ 10 ይሁን፣ 25 ይሁን፣ ወይስ 50? በእኔ እይታ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የሚወሰን ነገር ነው። ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ መልእክቱ ትልቅ ነው ተብሎ ሲከለከል ክልከላው የት ላይ፣ መቼና ለማን ይነገራል የሚለው ነው። ገደቡ 10 ሜጋባይት ቢሆንም እምቢታው በር ላይ በግልጽ ከተነገረ ላኪው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። 50 ሜጋባይት ተፈቅዶ መልእክቱ ከገባ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ከጠፋ ግን ላኪው ደረሰ ብሎ ይቀመጣል፣ ተቀባዩም አልተላከልኝም ይላል።

ፋይሉ ለምን ያብጣል?

ኤስኤምቲፒ የተባለው የኢሜይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1982 አርኤፍሲ 821 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚታተሙበት ተከታታይ ሰነድ ነው) ሆኖ ሲወጣ፣ ጸሐፊው ጆን ፖስቴል ያሰበው ለተራ ጽሑፍ ነበር። ቁምፊው በ7 ቢት ይወከላል፤ አንድ መስመርም ከ1000 ቁምፊ አይበልጥም። ፎቶ፣ ድምፅ፣ የተጨመቀ ፋይል የሚባል ነገር በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

መፍትሔው የመጣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ደረጃ አዘጋጁ፤ ቦረንስታይንም በመጋቢት 1992 የራሱን የአራት ሰዎች የዘፈን ቡድን ፎቶና ድምፅ አያይዞ በመላክ አሠራሩን አሳየ። ማይም የድሮውን መንገድ አላፈረሰም። ያደረገው ነገር ማንኛውንም ፋይል ጽሑፍ አስመስሎ በዚያው መንገድ ማሳለፍ ነው። ይህን ማስመሰል የሚሠራው ቤዝ64 የተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን 3 ባይት በ4 ቁምፊ ይተካል። በዚያ ላይ በየ76 ቁምፊው ሁለት የመስመር መጨረሻ ምልክት ይጨመራል። ሲሰላ 57 ባይት የነበረው 78 ይሆናል፤ ጭማሪው 37 በመቶ ገደማ ነው።

ሰርቨሩ የሚለካው ይህን ያበጠውን ነው፤ ራስጌዎቹን (ስለ ላኪ፣ ተቀባይና መንገድ የሚናገሩትን መስመሮች)፣ የደብዳቤውን አካልና አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚጨምሩትን፣ በድረ ገጽ መልክ የተጻፈ የኤችቲኤምኤል ቅጂ ጭምር። ስለዚህ 25 ሜጋባይት የሚል ገደብ በተግባር 18 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ፋይል ማለት ነው። ፖስትፊክስ የተባለው ሰፊ ተጠቃሚ ያለው የኢሜይል ሰርቨር ሲጫን ይዞት የሚመጣው ገደብ 10,240,000 ባይት ነው፤ በዚህ ውስጥ የሚያልፈው ፋይል 7 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ቁጥሩ ራሱ ግር ያሰኛል። በ1000 ለሚቆጥር ሰው ከ10 ሜጋባይት ይበልጣል፣ በ1024 ለሚቆጥር ደግሞ ያንሳል። ዊንዶውስ ፋይሉን በ1024፣ ማክ በ1000 እየቆጠረ ስለሚያሳይ አንዱን ፋይል ሁለት ሠራተኞች ሁለት መጠን አለው እያሉ ሲከራከሩ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ይህን እብጠት ማስቀረት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አርኤፍሲ 3030 ፋይሉ ጥሬውን እንዲያልፍ መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን አንድ ኢሜይል በብዙ ሰርቨሮች እጅ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከመካከላቸው አንዱ ካልደገፈው ጥቅሙ ይቀራል። ላኪ ፕሮግራሞችም አደጋ ከመጋፈጥ ቤዝ64ን ይመርጣሉ። የተሻለ ነገር ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ኢሜይል የመጀመሪያው አይደለም።

እንግዲህ ለተጠቃሚ መነገር ያለበት የፋይሉ መጠን ነው። ሰርቨሩ ላይ 25 ብሎ የሞላ አስተዳዳሪ ለሠራተኛው «18 ሜጋባይት» ብሎ ቢነግረው የድጋፍ ጥያቄው ግማሹ በዚያው ይቀራል።

ዲስክ ረክሶ የለ?

ገደብ ለምን ያስፈልጋል ሲባል የድሮው መልስ ዲስክ ነበር። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው 1 ጊጋባይት እሰጣለሁ ብሎ ሲመጣ ይህ መልስ መድከም ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህም ዲስክ እየረከሰ ነው የሄደው። ግን የትልቅ ኢሜይል ዋጋ ዲስኩ ላይ ብቻ አይደለም።

አንዱ ዋጋ ብዜቱ ነው። 20 ሜጋባይት የሚመዝን መልእክት ለ50 ሰው ሲላክ 1 ጊጋባይት ይሆናል። ከ50ዎቹ አንዱ ከነአባሪው ለሌላ ካስተላለፈው እንደገና ይባዛል፤ በየሌሊቱ የሚወሰደው መጠባበቂያ ቅጂ ደግሞ ሁሉንም ይደግመዋል። ኤክስቼንጅ የተባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር በድሮ ጊዜ በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ለብዙ ሰው የደረሰውን መልእክት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስቀምጥበት አሠራር ነበረው። ከ2010 እትሙ ጀምሮ ግን ፍጥነትን መርጦ ትቶታል። በሌላ በኩል ትልቅ ፋይል ባይኖርም ብዜት ብቻውን ሰርቨር ሊጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክሮሶፍት ውስጥ 13,000 ገደማ አድራሻ ወደያዘ የስርጭት ዝርዝር አንድ ሰው «ስሜን አውጡልኝ» ብሎ ጻፈ፤ «የእኔንም»፣ «ለሁሉም አትመልሱ» የሚሉ መልሶች ለሁሉም መጉረፍ ጀመሩ። እያንዳንዱ መልእክት ትንሽ ነበር። ሰርቨሮቹን ያንበረከካቸው ቁጥሩ ነው። ስለዚህ የመጠን ገደብ ያለ የተቀባዮች ቁጥር ገደብ ግማሽ ሥራ ነው። ፖስትፊክስ በአንድ መልእክት 1000 ተቀባይ ይፈቅዳል፤ በ10 ሜጋባይት ሲባዛ 10 ጊጋባይት ነው። ይህን ማባዛት ሠርቶ የሚያይ አስተዳዳሪ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ዋጋ መስመሩ ላይ ነው፤ ይህኛው ብዙም አይወራለትም። ኤስኤምቲፒ ካቆመበት መቀጠል አያውቅም። በሰከንድ 512 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር 25 ሜጋባይት ለመላክ 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ መስመሩ ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ላኪው ሰርቨር በየጊዜው ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ተስፋ የሚቆርጠው ከ5 ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያ አንድ ደብዳቤ የማይደርስ ሆኖ መስመሩን ሲበላ ይሰነብታል፤ ላኪው ግን ልኬአለሁ ብሎ ተቀምጧል።

ከዚህ የባሰ ነገር ደግሞ አለ። ብዙዎቹ የኢሜይል ፕሮግራሞች አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ነው የሚጭኑት። መጀመሪያ በኤስኤምቲፒ ለመላክ፣ ቀጥሎ «የተላኩ» ወደሚለው ማኅደር በአይማፕ (ሰርቨር ላይ ያለ ደብዳቤ በሚነበብበትና በሚቀመጥበት ፕሮቶኮል) ለማስቀመጥ። በቀጭን መስመር ላይ ያለ ሰው «ልኬዋለሁ ግን ፕሮግራሙ አሁንም እየሠራ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የአይማፑ ሰርቨር የራሱ ገደብ ካለው ደግሞ መልእክቱ ለተቀባዩ ደርሶ የላኪው ቅጂ ሳይቀመጥ ይቀራል። ላኪው የስህተት ማስታወቂያ ሲያይ አልሄደም ብሎ ደግሞ ይልካል፤ ተቀባዩም አንዱን ነገር ሁለትና ሦስት ጊዜ ያገኛል። ይህን የሚያስቀር ማሟያ ለአይማፕ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አርኤፍሲ 7889 ሰርቨሩ የማስቀመጫ ገደቡን አስቀድሞ እንዲናገር ያስችለዋል። ችግሩ የሚያዳምጠው ፕሮግራም ጥቂት መሆኑ ነው።

ዲስኩም ቢሆን ፈጽሞ ከጨዋታ አልወጣም። የሚያሰጋው የመልእክት ሳጥኑ ሳይሆን ተራቸውን የሚጠብቁ ደብዳቤዎች ወረፋ ያለበት ክፍል ነው። ፖስትፊክስ ወረፋው ካለበት ዲስክ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ከመልእክት ገደቡ አንድ ተኩል እጥፍ ሲያንስ አዲስ ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። ገደቡን ወደ 2 ጊጋባይት ያሳደገ ሰው 3 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ሳይኖረው ሲቀር ሁለት መስመር ብቻ ያለው ደብዳቤም አይገባለትም። ገደቡን ፈጽሞ ማንሳት ደግሞ ወረፋውን ለመሙላት ለሚፈልግ ሰው በሩን ከፍቶ መተው ነው።

በር ላይ የሚደረገው ንግግር

ሁለት ሰርቨሮች ሲገናኙ ከደብዳቤው በፊት ይነጋገራሉ። ላኪው «ኢኤችኤልኦ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ተቀባዩ የሚችለውን ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ አንዱ «ሳይዝ» የሚል ቃልና ከጎኑ በባይት የተጻፈ ቁጥር ነው። ላኪው ከዚያ የላኪውን አድራሻ ሲናገር የመልእክቱን መጠን አብሮ ያስታውቃል። ከተፈቀደው ከበለጠ ተቀባዩ እዚያው 552 ብሎ ይመልሳል። አንድም የፋይሉ ባይት መስመር ላይ አልወጣም። ይህ አሠራር አርኤፍሲ 1870 ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 የጸደቀ ነው፤ እንደ እኔ በኢሜይል ታሪክ ውስጥ ከተጻፉት ጥሩ አጫጭር ሰነዶች አንዱ ነው።

ላኪው መጠኑን ካላስታወቀ ወይም አሳንሶ ከተናገረ ነገሩ ይበላሻል። መረጃው መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ተቀባዩ ሰርቨር መሃል ላይ «በቃ» የሚልበት ሥርዓት የለም። ሁለት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ የሰማውን ጥሎ፣ በመጨረሻው ነጥብ ላይ (የመልእክቱን ማብቂያ በሚያሳየው ምልክት) 552 ማለት ነው። ሁለተኛው ግንኙነቱን መቁረጥ ነው። መቁረጡ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ላኪው ሰርቨር የተቆረጠ ግንኙነትን የሚያየው እንደ ጊዜያዊ ችግር ስለሆነ ቆይቶ ያንኑ መልእክት ይዞ ይመጣል። ኤስኤምቲፒን በግማሽ የሚረዱ ፋየርዎሎች (የኔትወርክ መከላከያዎች) መሃል ገብተው «ሳይዝ» የሚለውን ቃል ሲደብቁም ይኸው ይከተላል። ለቀናት የሚመላለስ አንድ ከባድ ደብዳቤ ሲታይ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህ ነው።

በኮዶቹ መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። በ5 የሚጀምር መልስ «አትመለስ» ማለት ነው፤ በ4 የሚጀምረው «ቆይተህ ሞክር»። ዲስክ ሲሞላ 452 ማለት ትክክል ነው፤ ነገ ቦታ ሊኖር ይችላልና። መጠኑ ለበለጠ መልእክት በ4 የሚጀምር መልስ የሚሰጥ ሰርቨር ግን ላኪውን ለ5 ቀን በከንቱ ያመላልሰዋል። ነገ ፋይሉ አያንስም።

ደረጃው ራሱ ከሰርቨር የሚጠይቀው ትንሹ ነገር በጣም ዝቅ ያለ መሆኑን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5321 እያንዳንዱ ሰርቨር ቢያንስ 64 ኪሎባይት መቀበል አለበት ይላል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የባለቤቱ ፈቃድ ነው። «ሌላው 50 ይቀበላል፣ እናንተ ለምን 20?» የሚል አቤቱታ በደረጃው በኩል መሠረት የለውም። በአገልግሎት ጥራት በኩል ግን ሊኖረው ይችላል።

ሰንሰለቱ ውስጥ ትንሹ ቁጥር ይገዛል

ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ገደቦች እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ነው። አንድ መልእክት ከዌብሜይሉ፣ ማለትም በድር አሳሽ ከሚከፈተው የኢሜይል ገጽ ይነሳል፣ በዌብ ሰርቨሩ ያልፋል፣ ወደ ኢሜይል ሰርቨሩ ይገባል፣ በጸረ ቫይረሱ ይቃኛል፣ ወደ ሳጥኑ ይወርዳል። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው።

ዌብሜይሉን እንይ። ኤንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር ሲጫን ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ጥያቄ አይቀበልም፤ 413 የሚል ስህተት ይሰጣል። ፒኤችፒ የተባለው የድረ ገጾች የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለጠቅላላው 8 ሜጋባይት ብሎ ይጀምራል። አስተዳዳሪው የኢሜይል ሰርቨሩን ገደብ ወደ 50 አሳድጎ ጨርሻለሁ ሲል ዌብሜይል የሚጠቀመው ሰው 2 ሜጋባይት ተኩል ፎቶ መጫን አቅቶት ይደውላል። የኢሜይል ሰርቨሩ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ላይ ምንም የለም፤ መልእክቱ እዚያ አልደረሰማ።

ከዚህ የከፋው ውስጡ ከበሩ ሲጠብ ነው። የፊተኛው ሰርቨር 50 ሜጋባይት ተቀብሎ «ደርሷል» ካለ በኋላ ከኋላው ያለው 20 ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ የፊተኛው ኃላፊነቱን ወስዷልና ለላኪው የመመለሻ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ላኪው እውነተኛ ከሆነ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሰዋል። የላኪው አድራሻ የተሰረቀ ከሆነ ግን መመለሻው ምንም ወደማያውቅ ሰው ይሄዳል፤ ይህን የሚያበዛ ሰርቨር ደግሞ ራሱ በስፓም ላኪነት ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ እንዲተካ የተቀመጠው ተጠባባቂ ሰርቨርም በዚህ ይታማል። ዋናውን ሲያስተካክሉ ተጠባባቂውን የሚያስታውሰው ሰው የለም፤ የቆየ ቁጥሩን ይዞ፣ ዋናው የማይቀበለውን እየተቀበለ ይቆያል።

ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ በጣም ጠባቡ ገደብ ከሁሉም ፊት፣ ከውጭው ዓለም ጋር በሚነጋገረው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ወደ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ መስፋት እንጂ መጥበብ የለበትም፤ በየደረጃው የሚጨመሩ ራስጌዎች ስላሉ እኩል ማድረግ እንኳ አይበቃም። ፖስትፊክስ ይህን በከፊል ያስገድዳል። ሳጥን ማለት ሁሉም ደብዳቤ በአንድ ፋይል የሚጠራቀምበት ሲሆን ሳጥኑ 51,200,000 ባይት ይፈቀድለታል፤ የመልእክቱን ገደብ ከዚህ በላይ አሳድጎ የሳጥኑን የረሳ ሰው ማድረሻው ክፍል ሥራ ሲያቆም ያየዋል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ ግን ቢያንስ ጮኾ የሚወድቅ ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለውን አለመጣጣም ዝም ብለው ነው የሚያሳልፉት።

መመለሻው ራሱ ከባድ እንዳይሆንም ታስቦበታል። ፖስትፊክስ ከዋናው መልእክት 50,000 ባይት ያህል ብቻ ነው የሚመልሰው። ይህን ቁጥር «ላኪው ሙሉ ፋይሉን ይመለስለት» ብሎ ማሳደግ ትልቅ በመሆኑ የተከለከለን መልእክት በተቃራኒው አቅጣጫ እንደገና ማጓጓዝ ነው።

ያልተቃኘው ደብዳቤ

ስለ መጠን ገደብ ሲወራ ደኅንነቱ የሚረሳው ይመስለኛል፤ ግን ከሁሉም የከበደው ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ስፓም ለይቶ ለሚያወጣው ለስፓምአሳሲን ደብዳቤውን የሚያቀብለው ፕሮግራም ሲጫን ከ500 ኪሎባይት በላይ የሆነ መልእክት ሲመጣ ሳያስመረምር ያሳልፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር በብዙ መቶ ደንቦች ማለፍ ጊዜና የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ይበላል፣ ብዙው ስፓምም ትንሽ ነው። ክላምኤቪ የተባለው ጸረ ቫይረስም ምን ያህል ድረስ እንደሚያይ የራሱ ጣሪያ አለው፤ ለረጅም ጊዜ ይዞት የቆየው የአንድ ፋይል ገደብ 25 ሜጋባይት ነበር። ከጣሪያው በላይ ያለው ሳይታይ ያልፋል።

አጥቂም ይህን ያውቃል። ትርጉም የሌለው ነገር ጨምሮ ፋይሉን ማሳበጥ ወጪ የለውም። ስለዚህ የመልእክት ገደቡን ከ20 ወደ 50 ያሳደገ ሰው የቃኚውን ጣሪያ እዚያው ከተወው፣ ያደረገው ነገር ከ20 እስከ 50 ያለውን መንገድ ያለ ጠባቂ መክፈት ነው። የቃኚውን ጣሪያ አብሮ ካሳደገ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። በቃኚው ፊት የተጨመቀ ፋይል ይፈታል፤ 10 ሜጋባይቱ ተፈትቶ ብዙ ጊጋባይት ሊወጣው ይችላል። ላኪው ሰርቨር ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ መልስ እንዲጠብቅ ደረጃው የሚመክረው 10 ደቂቃ ነው። ቅኝቱ ከዚያ ካለፈ ላኪው አልደረሰም ብሎ ይደግመዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ የመጀመሪያውን ጨርሶ ተቀብሏል። «ይህ ሰውዬ ለምን አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ ይልክልኛል?» የሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ ነው።

ትልልቆቹ የመረጡት መንገድ

ጂሜይል ለመላክ 25 ሜጋባይት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለመቀበል ደግሞ 50 ሜጋባይት አድርጓል። ይህ አለመመጣጠን ጥበብ ያለው ነው። የራስን ተጠቃሚ ማስተማር ይቻላል፣ የውጭውን ላኪ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ በመቀበል ለጋስ፣ በመላክ ቆጣቢ መሆን ያዋጣል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 የኤክስቼንጅ ኦንላይን ጣሪያን እስከ 150 ሜጋባይት ማሳደግ ፈቅዷል፤ እብጠቱ ሲቀነስ ወደ ውጭ ለሚላክ 112 ገደማ ይቀራል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ግን ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር 20 ካለ 150 ማለት ለውስጥ ሰው ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው።

ሁሉም በተግባር የሄዱበት መንገድ ሊንክ ነው። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ ሲያይ ፋይሉን ድራይቭ በተባለው የጉግል የፋይል ማከማቻ አስቀምጦ ሊንክ ይልካል። የአፕል ሜይል ድሮፕ እስከ 5 ጊጋባይት ተቀብሎ ለ30 ቀን ያቆየዋል። ለሰርቨሩ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አንድ ፋይል አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ የፈለገው ያወርዳል፣ ያልፈለገው ይተዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሊንክ የአባሪ ምትክ ተደርጎ ሲታይ ቅር ይለኛል። አባሪ የተላከ ዕለት የነበረው ነገር ነው፤ ተቀባዩ ጋር ያለው ቅጂ የተቀባዩ ነው። ሊንክ ግን በላኪው እጅ የሚቆይ ፋይል ነው። ላኪው ሊለውጠው፣ ሊሰርዘው፣ ፈቃዱን ሊያነሳ ይችላል፤ በ30ኛው ቀንም በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ደብዳቤው ላይ «የተፈረመውን ውል ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ» ተብሎ ተጽፎ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊንኩ ባዶ ገጽ ሲከፍት፣ በማኅደር ውስጥ የቀረው የውሉ ወሬ ብቻ ነው። ለረቂቅ፣ ለቪዲዮ፣ ለፎቶ ጥራዝ ሊንክ ይሻላል። ለማስረጃነት ለሚቀመጥ ነገር ግን አባሪው ቦታውን መልቀቅ የለበትም፤ ደግነቱ ውልና ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጡም። በዚያ ላይ ሠራተኛው ፋይል ለማየት ሊንክ መጫንና የይለፍ ቃል ማስገባት በለመደ ቁጥር ለአጭበርባሪዎች የሐሰት መግቢያ ገጽ እየተመቻቸ ይሄዳል።

ታዲያ ስንት?

አሁን ቁጥሩ። ለመደበኛ ድርጅት ከውጭ ለሚመጣ 50 ሜጋባይት፣ ወደ ውጭ ለሚወጣ 25 ሜጋባይት ምክንያታዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ25 በላይ መላክ መፍቀድ መልእክቱ በተቀባዩ በር ላይ እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ ከ10 በታች መቀበል ደግሞ ዛሬ ተራ የሆኑ የተቃኙ ሰነዶችን ይመልሳል። በቀጭን መስመር ላይ የተቀመጠ ሰርቨር ያለው ሰው ከዚህ ያነሰ ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ቁጥሩን ከመስመሩ ፍጥነት ተነስቶ ያውጣው።

ለአለቃው ወይም ለአንድ ክፍል ብቻ የተለየ ገደብ ማውጣት ፈታኝ ሐሳብ ነው። ኤክስቼንጅ በየሳጥኑ ይፈቅዳል። ፖስትፊክስ በራሱ በየሰው አይለይም፤ ለሠራተኞች የመላኪያ በር አንድ፣ ለውጭ መቀበያ በር ሌላ ቁጥር መስጠት ግን ይቻላል፤ ለብዙው ይህ ይበቃል። የተለዩ ፈቃዶች ሲበዙ ለማን ምን እንደተፈቀደ የሚያስታውስ ይጠፋል፤ አንድ ቀን ችግር ሲፈጠርም የትኛው ቁጥር እንደሠራ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ቁጥሩን ከመቁረጥ በፊት ሎጉን ማየት ተገቢ ነው። ፖስትፊክስ ወረፋ ውስጥ ለገባ ለእያንዳንዱ መልእክት መጠኑንና የተቀባዮቹን ቁጥር በአንድ መስመር ይጽፋል። የአንድ ወር ሎግ አውጥቶ በመጠን መደርደር የድርጅቱ ደብዳቤ በእውነት ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳያል። በ552 የተመለሱትም እዚያው ይገኛሉ፤ ማን እንደላከ ሲታይ አዘውትሮ የሚከለከለው ምናልባት አንድ ደንበኛ ወይም አንድ ስካነር ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ስካነሩ ከሆነ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ገደብ ከመለወጥ ይቀልላል።

ከዚያ ከውጭ አድራሻ ሆኖ ገደቡን በትንሹ የሚያልፍ ደብዳቤ ወደ ራስ መላክና ላኪው የሚያየውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከኮድ በስተቀር ምንም የማይናገር መስመር ነው፤ አንባቢው አድራሻው ተሳስቷል ብሎ ይተወዋል። ፈተናው በዌብሜይሉም ይደገም። በዌብሜይል ሊልኩ ሞክረው ፋይሉ ያልተጫነላቸው ሰዎች በኢሜይል ሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ስለሌሉ፣ እነሱን ለመቁጠር የዌብ ሰርቨሩን ሎግ ከፍቶ 413 የሚለውን መፈለግ ያስፈልጋል።